መጥቀም

ቀፊራ ቅስት ሥር፣ ከቅመም ተራ ማዶ፣
ሲንጀሬ ላይ አለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ነጉዶ፤
ሽርጡ ሲመጣልኝ ጫፉ ተቀዳዶ፣
ሱሪው፣ ጉልበቱ ላይ አፉን ከፍቶ፣ ማልዶ፣
ያልጠቀምኩት የለም።

ልጄን ኢፍቱ አልናት። ብርሃን እንደማለት።
ስምንት ወር ሳይሞላት አንድ ረፋድ አዝለናት
ከሳቢያን ገንደ ቆሬ ብንሄድ፣ የዚያን ዕለት
ፊቷ ውሃ ቋጥሮ ዓይኗን መግለጥ አቃታት።
"ሙቀት ነው" አለ አንዱ። "ሰው በልቷት ነው" አለች ጎረቤት።
በዓመቷ ጉንጯ ላይ ኑግ የተዘራ መሰለ፣
ጥቁር፣ ደቃቅ፣ በየቀኑ እየቀጠለ።

ድል ጮራ አንዲት ወጣት ሐኪም
በሙያዬ ቋንቋ አስረዳችኝ፤ ሌላውን አልያዝኩም፤
"ፀሐይ የሁላችንንም ገላ ትተረትራለች፤
ከውስጥ ግን ሰፊ አለን። ኢፍቱ ሰፊ አልታደለች።
ከአንተም ከእናቷም ወገን መርፌው ጎድሎ ነው፤
ጉድለትና ጉድለት ሲገጥም፣ እሷን ያገኛት ይህ ነው።"

ሰፊ ነኝ እኮ እኔ!
ለማን ይነገራል ይሄ?

ጥቁር ካኪ ደርቤ ሰፋሁላት፣ ከአናት እስከ ጥፍር፤
ለዓይኗ የበያጅ መነጽር፤
የመስኮቱን ስንጥቅ በሙጫ፣ በጨርቅ ደፈንኩ፤
ፀሐይን እንደ ሌባ ጠረጠርኩ።

ድሬ ግን ደግ ናት፤ ሙቀቱ ሲያስመርራት
አልጋዋን አውጥታ ደጅ ነው የምታመሽ፣ ሌሊት።
"ይቺ ልጅ በጨለማ ምን ትሠራለች?" የሚል የለም፤
ደቻቱ አሸዋ ላይ ሲሯሯጡ ከልጆቹ ማንም
አይለያት ነበር።

ዘንድሮ ዘጠኝ ሞላት።
ባለፈው ኀሙስ ማታ ባጃጅ ከኋላዋ አንባረቀባት።
አልዞረችም።
"ኢፍቱ!" አልኩ። "ኢፍቱ!"
አልዞረችም።
ሾፌሩ ጠምዝዞ፣ እኔን ሰድቦ አለፈ።

"ነርቯ ነው" አለች ሐኪሟ፣ ወረቀቱን እያየች፤
"ይሄም ከዚያው ከመርፌው ነው" አለች።
ስንት እንደሚቀራት አልጠየቅኳት፤
እሷም አልነገረችኝ።

ትናንት ሌሊት መጥታ አጠገቤ ቆመች፤
መዳፏን ከሲንጀሯ ጠረጴዛ አሳረፈች፣
ንዝረቱን ልታዳምጥ።
"አባ፣ ምን እየጠቀምክ ነው?" አለች።
"ምንም" አልኳት።
ስላልሰማች
ራሷን ነቀነቀች።
መርገጤን ቀጠልኩ።