ላልቶ፣ ጠብቆ

ኤጀንሲው በሦስት ቀን ዐረብኛ ቋጥሮ ሸኘኝ፤
«ታዓሊ»፣ «ሩሂ»፣ «ጂቢ ማይ»፣ ይበቃሻል አለኝ።
ለመዳም በቃኝ።
ከኮሪደሩ መጨረሻ ላለችው ክፍል ግን
ያ ስንቅ ደጃፉን አላሻገረኝ።

እዚያ ቢቢ ሙዛ አለች፣ የመዳም አያት፣
በመስኮቷ የመጥራህ ወደብ የሚታያት።
ዐረብኛዋ እንደ ጥርሷ አንድ በአንድ ረግፎ
የቀራት ስዋሂሊ ነው፣ የዛንዚባር፣ የልጅነቷ፣
ያልተነቀነቀው መንጋጋ።
የልጅ ልጆቿ ስልካቸውን እያዩ ያልፏታል።

መጀመሪያ ቀን ዘው ብዬ ብገባ
በእጇ ወደ በሩ መለሰችኝ፤ «ሆዲ!» አለች።
«ሆዴ» ያለችኝ መስሎኝ
(ከአገር ከወጣሁ ሆዴ ያለኝ የለምና)
ደፉ ላይ ቆሜ እንባ ተናነቀኝ።
ለካ «ቤቶች» ብለሽ ግቢ ኖሯል።

በማግስቱ «ሞቶ! ሞቶ!» ብላ ስትጮኽ
ትሪው ከእጄ አመለጠ።
ማነው? አልኩ ደረቴን ይዤ፣ በአማርኛ፣
ማነው የሞተው? አባቴ ነው? ከአገር ተደወለ?
እሷ የምታሳየኝ ማንቆርቆሪያውን ነበር፤
ይፈጃል፣ እሳት ነው፣ እጅሽን!
ማንም አልሞተም።
የብርጭቆዎቹ ዋጋ ብቻ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ በሳሙና ካርቶን ጀርባ ጻፍኩ፦
ማጂ ውሃ። ቹምቪ ጨው። ኩኩ ዶሮ፤
ኩኩ መለኮቴ ስንል ያኔ፣ ዶሮ ነበርን እንዴ የምንደበቀው?
ላላ፣ ተኚ ማለት ነው፤
እውነትም ሰው ካልላላ አይተኛ።
ፖሌ፣ አይዞሽ።
ይህንን ሁለቴ ጻፍኩት፣
በዚህ ቤት በሌላ ቋንቋ ሰምቼው አላውቅምና።

አንድ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው ብላ አንጓዋን ነካች።
የሳሎኑ ሰዓት ሰባት ይላል፤ ሰባት ጣት ዘረጋሁ።
ተቆጣች። ስድስቱን አጠፈችብኝና
አንዷን ብቻ አቁማ፣ «ሳ ሞጃ» አለች።
አንድ ሰዓት!
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ እንደ እኛ፣ እንደ ወልዲያ፣
ቀኑን ከፀሐይ እንጂ ከእኩለ ሌሊት የማይጀምር ሰው!
ጣቴን በጣቷ ይዛ ሳቅን።
መዳም በሩን ከፍታ አየችን፣ ዘጋችው።

እሷም እንግዳ ነበረች አሉ፣ ራሷ ናት ያለችኝ፤
ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን ከእጇ አነበብኩ።
በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከመርከብ ወርዳ
ጨው ለመግዛት ብትሄድ፣ በዐረብኛዋ
የዓሣ ተራው ሁሉ ሳቀባት።
ሳምንት ሙሉ አልጫ በሉ።

«ባዶ» ግን ቆይቶ ነው የገባኝ።
በላሽ ወይ ሲሏት «ባዶ»፣
መድኃኒቱን ዋጥሽ ወይ፣ «ባዶ»፣
ሳህኑን አያለሁ፣ ሙሉ ነው።
«ገና» ማለት ነው ለካ፤ ባዶ፣ ገና።
ደመወዝሽስ? ስትለኝ፣ ኪሴን እየጠቆመች፣
«ባዶ» አልኳት፤
በሁለቱም ቋንቋ ውሸት የሌለበት መልስ።

ዓርብ ማታ እናቴ በኢሞ ደወለች።
«መምጫሽ አልደረሰም ልጄ?»
«ባዶ» አልኳት። አፌ ለመደ።
ዝም አለች።
«ምኑ ነው ባዶ? ሆድሽ ነው? ምን አደረጉሽ?»
«አይ፣ እማዬ፣ ገና ማለቴ ነው፣ ገና!»
መስመሩ ተንጠባጠበ፣ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደረቀ፣
ድምጿ ቀድሞ መጣ፣ «ለገና!»
እልልታዋን ሰማሁ። አጥሩን አሻግራ ስትጣራ ሰማሁ፣
«አመተወርቅ! ነይማ፣ ለገና ትመጣለች!»
ከዚያ ተቋረጠ።

ደውዬ ላርማት ጣቴን አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።
ቢቢ ሙዛ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ
ከአልጋዋ «ፖሌ» አለችኝ።
ወደቡ ላይ አንድ መርከብ መብራቱን ያጠፋል፣ ያበራል።

አላልቼ የጣልኩትን ቃል
አጥብቃ ይዛ እናቴ
ወልዲያ ላይ
ትጠብቃለች።