ሃያና አሥራ ሁለት

በራጫ ተራሮች በረዶ ወረደ፣
ያውቶቡሱ መንገድ ድልድዩ ጋ ተናደ።
ትምህርት ቤት ዘግቶ አሥራ አንድ ቀን አለፈ፤
የጺዩሪ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ሆኖ እኔን ለከፈ።
እኔ ሺዮ፣ ንብ አናቢ፣ ቀፎ ጠራቢ፣
ካራተኛ ክፍል ወዲህ ከማር ሚዛን በቀር መች ነበርሁ ያሃዝ አንባቢ?
ላማራ ባሪ ናት፤ የሰው እናት ልትጦር ጣሊያን አገር ሄዳ፣
«ሂሳቧስ?» ትላለች፤ የስልኩ ድምፅ ቢቆራረጥ፣ ጥያቄው ግን ዕዳ።

መጀመሪያ ቀን ቦሎቄ ደረደርን፣ ቀይ ቀዩን ለቅመን፣
ጠረጴዛው ጠቦን፣ ወለሉ ላይ ወርደን፣ ምድጃ ተጠግተን።
ዘጠኝ አስቀመጥሁኝ፤ ልጄም ቆጠረችው።
ዶሮዋ ግን ገብታ፣ ማን ግቢ ብሏት፣ ሦስቱን ለቀመችው።
«አባ፣ ስድስት ቀረ!»
በዚያን ቀን በቤቴ መቀነስን ያስተማረ
እኔ አልነበርሁም፤ እሷ ናት፤ ደሞዟም በምንቃሯ እዚያው ተቆጠረ።

ከዚያ ወዲያ ስንጥር። ከቀፎ የተረፈ ጣውላ
ሰነጠቅሁ በቢላ፣
ሰም ሰም የሚሸት፣ ለእሳት እንጂ ለዶሮ የማይበላ።
አሥር አሥሩን አሰርን በቀይ የሱፍ ክር፣
ላማራ ጀምራ ከተወችው ሹራብ በተረፈ ክር።
መደመርን ደረጃው ላይ፣ ሁለት ሁለት እየዘለልን፤
ግማሽን የማር ሰፈፍ ላይ፣ ቢላውን እየላስን አካፈልን።
ነገሩ ጨዋታ ይመስል ነበር፣
እስከ ሐሙስ ድረስ።

ደብተሯ «32 ሲቀነስ 7» አለ።
ሦስት እስር፣ ሁለት ልቅ። እጇ ልቆቹ ላይ ዋለለ።
«ሰባት የለም» አለች፣ «ሁለት ነው ያለው።»
ሳላስበው ካፌ ያመለጠኝ የድሮው ቃል ነው፤
«ከጎረቤት ቤት አንድ ተበደሪ» አልኋት።
ስንጥሩን ከንፈሯ ላይ አሳርፋ ቆየች፣ ነገሩ ከብዷት።
«መቼ ነው የምንመልሰው?»

መዳፌ ነደደ።
የመምህር ቫርላም ማስመሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሻግሮ ወረደ።
ይህንኑ ጥያቄ፣ ቃል በቃል፣ በሰባት ዓመቴ ጠይቄ ነበረ፤
ክፍሉ ሣቀ፣ ማስመሪያው ጮኸ፣ መልሱ እዚያው ቀረ።
ያን ጊዜ ካሥሮች ቤት የወሰድሁት አንድ
ሳይከፈል አብሮኝ አረጀ፤ ገበያ ላይ መልስ ስሰጥ፣ እጄ እንደ ባለዕዳ ሲርበደበድ።

ጺዩሪ መልስ አልጠበቀችም። አንዱን እስር ሳበች፣
ቋጠሮውን በፊት ጥርሷ ነክሳ ፈታች።
አሥሩ ስንጥር ወለሉ ላይ ተንኳኳ።
«ብድር አይደለም'ኮ፤ ታስሮ ነው እንጂ የራሳችን ነው ለካ!»
ከዚያ ቆጠረችው፣ እስሩን ለብቻ፣ ልቁን ለብቻ፤
«ሃያና አሥራ ሁለት።»

ሃያና አሥራ ሁለት!
በጆርጂያኛ ያችን ቁጥር እንዲህ ነው የምንጠራት።
ለሠላሳ ስም የለን፤ ሃያና አሥር ነው የምንላት።
አያቶቼ በወይን ገበያ፣ ባለጉዳይ በፍርድ ቤት፣ ቄሱ በቀብር ሲሏት ኖረው፣
ቋጠሮው አፋችን ላይ ተፈትቶ ሳለ፣ እጄን ማን አሰረው?

ሰባቱን አነሣች። ሁለት እስር ካምስት ልቅ ጋር ቀረ፤
«ቀላል ነው» ብላ ወጣች፤ ከደጅ የዶሮዋ ጩኸት በረዶውን ሰበረ።
ማታ ምድጃውን ሳቀጣጥል፣ ከሰባቱ አንዱን አንሥቼ
መልሼ አስቀመጥሁት። ዕዳ ፈርቼ
አይደለም።

ነገ 41 ሲቀነስ 8 ይጠብቀናል።
እሱን ቋንቋችን አይፈታልንም፤ «ሁለት ሃያ ካንድ» ብሎ ዝም ይላል።
ጥርስ ያስፈልጋል።
የጺዩሪ የፊት ጥርስ ደግሞ ይነቃነቃል።