ዜሮም ይጻፋል

ባቡሩ ከቀረ፣ ሐዲዱ ከተነቀለ፣
በዌልስ ሸለቆ አንድ ጠባብ መንገድ ለኤልዌን ተጣለ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ያዞረው እግሯ
ማረፍ አቅቶት ነው፤ እዚያ ሆነ ዙሯ።
በሳምንት አንድ ቀን፣ ነፋሱ ሲተኛ፣
ደብተር በደረቷ፣ እርሳስ ባንገት ክር፣
ከአሮጌው ድልድይ እስከ ድንጋዩ አጥር
ቢራቢሮ ስትቆጥር።

አምስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ጎን፤
ከዚያ ያለፈውን አትጽፍም።
«የመስመሩን ብቻ» ትላለች፣
ደግሞ ትራመዳለች።

በሚያዝያ ማለቂያ አንዲት ሎሚ መሳይ
ካረጀ ሐረግ ሥር ብቅ ብላ ስትታይ፣
አንድ።
በግንቦት ደረሱ ጫፈ ብርቱካናማ፤
ዘጠኝ… ዐሥራ አንድ… ባጥሬ ጥግ፣ ከሳማ።

አጥሩ የኔ ነው። ሳማውም የኔ ነበር።
በሰኔ፣ በጎቼን ሸልቼ፣
ማጭዴን ስዬ፣ እጄን ጠቅልዬ፣
«እንግዳ ይመጣል፣ ይመር ደጄ» ብዬ
ከሥሩ አጨድኩት።
ቅጠሉን የሸፈነ ጥቁር፣ እሾሃም ትል ነበር፤
እሱንም አብሬ በእሳት ለኮስኩት።

ሐምሌ ላይ አብሬያት ወጣሁ።
በክንፋቸው ላይ ዐይን የተሳለላቸው፣
ጣዎስ የምትላቸው፣
አምና ባንድ ጠዋት ስድሳ ሁለት ናቸው፤
ካቻምና ሰማንያ።
ዘንድሮ
ከድልድይ እስከ አጥር፣ አንድም ቢራቢሮ።
እርሳሷን አነሣች፣ ክብ አድርጋ፦ ዜሮ።

«ምን ይጻፋል ደግሞ፣ ምንም ካልነበረ?»
«ሃዌል፣ አለመኖሩንም ሰው ካልመሰከረ፣
‹ነበረ› ያልነውም ተረት ሆኖ ቀረ።»

«ያውልሽ፣ አንዱ!» ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ
ውሸቱን ዋጥኩት።
እሷ ባዶውን አፈር አየች፤ እኔን አላየችም።
ማን እንዳጨደውም አልጠየቀችም።
ሳማ የሚያቃጥለው ሲነኩት ነው ሲሉ፣
ውሸት ነው፤ አመድ ሆኖም አለ መለብለቡ፤
በሰኔ የፈጀሁት
በሐምሌ፣ መዳፌ ላይ፣ ቀስ ብሎ መጣ።

መስከረም ላይ፣ ቀይ መቀነት የታጠቁ አራት
የሐረጉን አበባ ሲቀስሙ አገኘቻቸው፤
ጻፈቻቸው። ደብተሩን ዘጋች።
ከዚያ ዝናብ ሆነ፣ ከዚያ በረዶ።

ይኸው ደግሞ ሰኔ። ማጭዴ ዝጓል።
ትናንት ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ፤
ለኤልዌን አልነገርኩም፤ ሐምሌን እጠብቃለሁ።
ሳማው ክንድ አከለ፤ አይባልም አበባ፤
እንግዳ ከመጣ፣ በጓሮ ዞሮ ይግባ።