የስኳር ሰልፍ

ዶክተሯ ቁጥሩን በሰማያዊ ቀለም ጻፈች፣
ዙሪያውን ከበበች፣
ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ ገፋች፣
ሒሳብ እንዳመጣች የምግብ ቤት አስተናጋጅ።
«ስምንት ነጥብ ሁለት። ዓይነት ሁለት ስኳር።»
ጀርመንኛው አላስቸገረኝም፤ የጠፋኝ ነገር
ከወንበር ተነስቶ እንዴት እንደሚኬድ ነበር።

ውጭ ካፊያ። የላይፕዚግ ኅዳር፣
ሰማዩ ከአስፋልቱ በቀለም የማይለይበት።
ሳቄ መጣ፣ ፌርማታው ላይ፣ ድንገት፤
አባቴ፣ ጎረቤታችን ነጋዴው በታመመ ጊዜ፣
«ስኳር የሀብታም ነው፣ እኛን አያውቀንም» ብሎ ነበር፣
ግማሹን በፌዝ፣ ግማሹን በትካዜ።
ይኸው አወቀኝ።
የአስራ አንድ ቁጥር ትራም ነጂውን፣ ኪራይ ከፋዩን፣
ሀብቱ መንገድ ላይ ቀርቶ በሽታው ቀድሞ አገኘኝ።

ደሴ፣ ሰባዎቹ ውስጥ፣ ስምንት ዓመቴ፣
«ቀበሌ ስኳር ገባ» ከተባለ በሌሊት ትቀሰቅሰኛለች እናቴ፤
ከረጢት በብብቴ፣ ኩፖን በመዳፌ፣
ተራ ከያዘልኝ ድንጋይ ኋላ ተሰልፌ
ድንጋዩ ተራውን ይጠብቃል፣ እኔ ድንጋዩን እጠብቃለሁ።
አንድ ቀን ግን ኩፖኑን ጣልኩት፤
የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።
እናቴ አልመታችኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።
ወር ሙሉ ሻዩ ያለ ስኳር ሲጠጣ፣
ታላቄ ዘሃራ ጮክ ብላ ፉት አለች፣ ድምፁ ደጅ ወጣ፤
«ጥፍጥ ይላል» ብላ ዋሸችልኝ።

ያኔ ለስኳር ተሰለፍኩ።
አርባ ምናምን ዓመት አለፈና
ስኳር ተሰለፈብኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም።
መለኪያውን ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ቀበርኩት፣ ክኒኑንም።
መስመሩ የሚያልቅበት ጋ፣ በአስራ ሁለት ደቂቃ እረፍቴ፣
የባዶውን ትራም መብራት አጥፍቼ፣ ከፊቴ
ማርማላታ የታጨቀበት ቦምቦሊኖ ዘርግቼ፣
እንደ ሌባ በላሁ፣ ግራ ቀኝ አይቼ።
የላዩ ነጭ ስኳር ደንብ ልብሴ ላይ ቀረ።
ማታ ጦይባ በእጇ አራገፈችልኝ፤ ምንም አልተነገረ።
ያችን ዝምታ አውቃታለሁ።
ኩፖን የጠፋ ቀን፣
በሌላ ሴት ፊት ላይ አይቻታለሁ።

ያስተማሩኝ የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ሊንድነር ናቸው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከስኳር ጋር በአንድ ቤት የኖሩ፣
ባላቸው እንኳ ያን ያህል አልቆያቸው።
ደረጃው ላይ የፋርማሲ ከረጢቴን አይተው፣
«ጫፉን እንዳትወጋ» አሉኝ፣ አመልካች ጣቴን ይዘው፤
«ጫፉ የምትዳስስበት ነው፤ ልጅህን፣ ቁልፍህን፣ ጨለማውን።
ጎኑን ውጋ። ከዳቦው በፊት ቅጠሉን ብላ።
ከበላህ በኋላ ደግሞ ሶፋ ላይ አትውደቅ፤
ውሻ የለህም? የእኔን ውሰድ።»
ወሰድኩ። ኦቶ ይባላል፤ እግሩ አጭር፣ ጠባዩ ክፉ።
በየማታው የቦዩን ዳር ይዘን
እሱ ያነፈንፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤
እርምጃ፣ ድልድይ፣ ገና ያልተወጋ ጣት።

ዛሬ ጠዋት ሰባት ነጥብ አንድ።
ትናንት ዘጠኝ ነበር፤ የነገውን እንጃ።
ቁጥሩ የበግ ነጋዴ ነው፣ በየጠዋቱ ያከራክረኛል።
ጦይባ ሩዜን በማንኪያ ትቀንሳለች፣
እኔም እንዳላየ።

እሁድ ለዘሃራ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣
ቁጥሩን፣ ኦቶን፣ ቦምቦሊኖውንም ሳይቀር።
መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ብዙ ቆይታ፣
«ሻዩንስ እንዴት አደረግከው?» አለች።
ብርጭቆዬ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር።
አንስቼ ጮክ ብዬ ፉት አልኩ፣ ደሴ ድረስ እንዲሰማ።
«ጥፍጥ ይላል።»