በረዶም ይገድላል

ከሱቫ ወደብ አጠገብ፣ ቀለሙ የተላጠ አዳራሽ ገባን፣
አሥራ ዘጠኝ ወጣቶች፣ ከየደሴቱ ተጠራርተን፤
ገሚሱ በጭነት ጀልባ፣ ጨው እንደ ሸማ ለብሶ፣
ገሚሱ በትንሽ አውሮፕላን፣ ሆዱ ተገልብጦ ደርሶ።
መሪ ሊያደርጉን ነው አሉን፤
መርፌያችንን በኪስ ይዘን።

(መሪና መርፌ ድምፃቸው ይቀራረባል፤
አንዱ በቀን አራቴ ይወጋኛል፣ ሌላው ገና ይጠብቀኛል።)

አሰልጣኛችን ሎሳሊኒ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤
"መሪ ማለት" አለችና ከሥሩ መስመር አሰመረች።
እጄን አወጣሁ፤ እኔ ምን ጊዜም እጄን አወጣለሁ፤
"መሪ ማለት ከፊት የሚቆም ነው" አልሁ።
ተጨበጨበልኝ። ተቀመጥሁ።
ያን ቀን፣ ከደስታዬ የተነሣ፣ ደሜን እንኳ አልለካሁ።

ቴሬቲያ፣ የኪሪባስ ልጅ፣ ከኋላ ወንበር ተጠግታ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለች አንገቷን ደፍታ።
"አንቺስ?" ስትባል "እኔ ገና ነኝ" ትላለች፤
"ገና" የሚለው ቃል ላይ ተቀምጣ ከረመች።
አባቷ ዓሣ አስጋሪ መሆኑን ያወቅነው በጣቶቿ ነው፤
የመረብ ገመድ የበላው፣ የስኳር መለኪያ የወጋው።

በአራተኛው ሌሊት አውሎ ነፋስ መጣ።
መብራቱ ብልጭ ብሎ ሄደ፤ ጀነሬተሩ ሳል ብቻ አወጣ።
ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ፣ የአሥራ ዘጠኛችን ትንፋሽ፣
ማጉረምረሙን ሲያቆም ነቃን፤ ዝምታው ሆነን ቀስቃሽ።
ኢንሱሊን እኮ ወተት አይደለም፤ ሲበላሽ አይሸትም፤
መልኩ እንደ ውሃ ነው፤ ሲሞትም አያስታውቅም።

ስብሰባ ጠራሁ። መሪ አይደለሁ?
በእጅ ስልክ ብርሃን ከፊት ቆምሁ፤
ኮሚቴ አቋቋምሁ፤ ሰብሳቢ ሆንሁ።
ሞሴሴ "ሆስፒታል እንደውል" አለ፤ መስመር የለም።
ኡርሚላ "ሚኒስቴሩ ይጠየቅ" አለች፤
እውነቷን ነው፤ ለዚያ ሌሊት ግን አይሆንም።
ለቃለ ጉባኤ ወረቀት ስንፈልግ
በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።
አሥራ ስምንት ቀረን።

ከሰዓት በኋላ የዓሣ ገበያው ዘበኛ የበረዶ ሣጥን ታቅፎ
ከኋላዋ ይጎተታል፤ ባርኔጣው በነፋስ ተገፎ።
ብልቃጤን አንስቼ በረዶው ውስጥ ልከት ስል
እጄን ያዘች። "ተው!" አለች፤
ከዚያ መጣ የሦስት ቀን የተጠራቀመ ቃል፦
"ሙቀት ብቻ አይደለም፤ በረዶም ይገድላል።
በጣም ሲቀርብ ይረጋል፣ በጣም ሲርቅ ይበስላል።"

ፎጣ አጠፈች፤ ካርቶን ቀደደች፤
በበረዶውና በብልቃጡ መሀል ግድግዳ አቆመች፤
እያንዳንዱን በባለቤቱ ስም እየጠራች ደረደረች።
"አፔኒሳ" አለች፤ የእኔን። ስሜን መቼ አጠናችው?
እኔ የእሷን እንኳ፣ እውነት ለመናገር፣
ደረቷ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው የማውቀው።

ፎጣው ሲረጥብ በደረቅ እየለወጥን፣
በየተራ ዘብ ቆምን።
"እኛ ሰፈር ፍሪጅ የለም" አለች፤ "ክሊኒኩ ግማሽ ቀን በጀልባ ያስኬዳል።
አባቴ ከዓሣው በረዶ ቀንሶ ይሰጠኛል፤
እኔ እንዳልበላሽ፣ ዓሣው ይበላሻል።"
ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የዕቃ ዋጋ የምትነግር ትመስላለች።

ወገግ ሲል ጉልበቴ ከዳኝ፤ ስኳሬ ወረደ፤
የሰብሳቢው ምላስ ተሳሰረ፤ ቃሉ ሾልኮ ሄደ።
ከረሜላ ልጣ አፌ ውስጥ አደረገች። ለማንም አልተናገረች።
እስካሁንም አልተናገረች።

በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ታደለን፤ የእኔ ስም ላይ ፊደል ተሳስተዋል።
ለጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ሲረቀቅ
እሷ ተናገረች፤ እኔ ጸሐፊ ሆንሁ፦
"አንድ ፍሪጅ፣ በፀሐይ የሚሠራ። ቁልፉ ለነርሷ ይሰጥ።
ለዘበኛው የበረዶው ዋጋ ይከፈል።"
"ጨረስሽ?" አልኋት፣ ብዕሬን ልከድን።
ቀና ብላ አየችኝ።
"ገና ነኝ" አለች።