አምስተኛው ቁልፍ

ኢኪቶስ ላይ ወንዙ ሲነሣ ከተማው ይቀመጣል፤
የቤሌን ጎጆ በግንዱ ላይ እንደ ዳክዬ ይዋኛል።
ሳንቲማችንን ቆጥረን፣ የእግዜር ትዕግሥት ለምነን፣
አንድ ክፍል አገኘን፤ የድሮ የበረዶ መጋዘን።
«መስኮት የለውም» አሉን ሰውየው፣ እንደ ማፈር ብለው፤
«እሱን ነው የምንፈልገው!» አልን።
ለእኛ ሥራ የጨለማ ዋጋ ከብርሃን እኩል ነው።

አምስት ነን፤ ካሜራው ሦስት።
የአንዱ መዝጊያ ጣት ይነክሳል፣
አንዱ ፊልሙን ሳይጨርስ በገዛ ፈቃዱ ይመልሳል፤
ጤነኛው አንድ ነው፤ እሱ እንደ እቁብ በተራ ይደርሳል።

ዞይላ ጥርስ ሐኪም ቤት ራጅ ታነሣ የነበረች፣
«ከአጥንት ወደ ቆዳ ወጣሁ» እያለች ትስቃለች።
ዊልደር ሠርግ ያነሣ ነበር፤ የሙሽራ ሳቅ ያንገሸገሸው፤
ሚርታ የወደብ መዝገብ ትይዛለች፤ የሷን ቁጥር ማን ሊሽረው?
እኔ ጠራዥ ነኝ፤ ሰው የሚጽፍበትን ደብተር የምሰፋ፣
ሰጉንዶ ደግሞ ባጃጅ ነጂ፣ ቀን ከሌት የሚለፋ።

አገሩ እርጥብ ነው፤ ሌንስ ላይ ሻጋታ ድር ያደራል፤
ማታ ካሜራችን እንደ ዘር ሩዝ በርሜል ውስጥ ይቀበራል።

ለስማችን ሦስት ሌሊት ተጨቃጨቅን።
ዊልደር «ጃጓር» አለ፤ «የታለ ጃጓሩ?» ብለን ሳቅን።
ኋላ ሚርታ ግድግዳው ላይ በሻማ አየች፤
አምና ጎርፉ የቆመበት፣ ቡናማ መስመር፣ በወገብ ልክ የቀረች።
«ውኃ ልክ» አልን። ግንበኛ ከፍ ዝቅ የሚለይበት፣
ደግሞም ወንዙ ራሱ ማንንም ከማንም የማያስበልጥበት።
አምስት ስም ከመስመሩ በላይ በከሰል ጻፍን፤
አምስት ቁልፍ አስቀረጽን፤
በወተት ጣሳ መዋጮ ጀመርን።

ሰጉንዶ ሦስት ሳምንት አልከፈለም።
ሞተሩ ነክሶበት ነበር፤ እሱ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።
ሚርታ «ሕግ ሕግ ነው» አለች። ሌላ ማንም አልተነፈሰም።
እርጥብ ጨርቅ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።
ይህን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄን ይበላኛል።
ሰጉንዶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
«ደኅና እደሩ» አለ፤ ዝናቡ ውስጥ ተሰወረ።
በእግሩ ነበር የመጣው። ያየነው ያን ጊዜ ነው።

በወሩ የጋራውን ካሜራ ፊልም አጠብን፤
ከሳሕኑ ውስጥ አንዲት ሴት ቀስ እያለች ወጣችልን።
ዓሣ ሻጯ ሄርሜሊንዳ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ፣
ቅርፊት ክንዷ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ፣
ፊቷ መልስ ሊሰጥ ሲል፣ ቃሉ ከንፈሯ ጫፍ ላይ።
ዝም አልን። እንዲህ ያለ ፎቶ ማናችንም አንሥተን አናውቅም።
ስለዚህ ሁላችንም «የኔ ነው» አልን።
ዊልደር በብርሃኑ ማለ፤ ዞይላ በጉንጯ አጥንት፤
እኔም ዋሸሁ፤ «ረፋድ ላይ ነበር፣ አስታውሳለሁ» ብዬ፣ በድፍረት።

በወደቡ ደረጃ ላይ በዓሣ መረብ ክር ሰቀልነው፣
በልብስ መቆንጠጫ፤ የመጀመሪያ ትርኢታችን ነው።
ሄርሜሊንዳ እያነከሰች መጣች፤ ራሷን አየች፤ ብዙ ቆየች።
«ልጁ የታለ?» አለች።
አራት ደረት ተነፋ።
«እናንተማ አይደላችሁም፤ እናንተ ዋጋ ጠይቃችሁ ነው የምትሄዱት።
ያኛው ጉልበቴን ነው የጠየቀኝ።»

ትርኢቱን ሳንዘጋ ወጣን። ዝናብ።
ቁልፉ በኪሴ ነው፤ ስራመድ ይቆረቁረኛል።
ጎዳናው ሙሉ ባጃጅ፣ ሙሉ ጀርባ፤ ሁሉም ላስቲክ ለብሷል።
ሞተሩን አስጠግኖ ይሁን፣ የሌላ ሰው ይዞ ይሁን፣ ማን ያውቃል?
አንዱን እጅ አውጥተን አስቆምን፤
«ወዴት ናችሁ?» ይላል።
ሚርታ አፏን ከፈተች፤ እኔን አየች።
ቤቱን አናውቅም።