አንድ ያዝ

ጉርፕሪት በሩን ገፋው፤ ማጠፊያው ጮኸበት፤
«ዛሬን አትዩበት» አለን፣ «ነገን እዩበት።»

ሚል ውድስ፣ ኤድመንተን፣ ከከተማው ዳር፤ የመጋቢት በረዶ
አሸንዳውን ይዞት ከነሚስማሩ ወርዶ።
ምንጣፉ ብርቱካን፣ የመሳቢያው እጀታ የታጠፈ ማንኪያ፣
የመስኮቱ ስንጥቅ በፕላስተር ታሽጓል
እንደ ጉልበት ቁስል፣ እንደ ልጅ መውደቂያ።

ባሌ መርዕድ ግን ግድግዳ ያንኳኳል፣
ሐብሐብ እንደሚመርጥ ጆሮውን ይጥላል።
«ይሄኛው» ይለኛል፣ «ምንም አልተሸከመም።»
ገና ሳንገዛው ሦስት ግድግዳ አፈረሰ፣
ሁለት መስኮት ከፈተ፣ ጣሪያውን አደሰ፤
በአፉ።
በአፍማ ቢሆን ኖሮ አሥር ቤት ነበረን፤
ስምንት ዓመት ሙሉ ኪራይ እየከፈልን፣
የላይኛው ፎቅ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ «ይማርህ» እያልን።

እኔ ቤዝመንቱን ልይ ብዬ ወረድኩ፤ ጨለማ፣
የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ፣
የማሞቂያው ጉርምርምታ ከጥግ የሚሰማ።
እዚያ አንድ ክፍል አለ፤ ሥጋ ያልለበሰ፣
በእንጨት አጥንት ብቻ የቆመ፣
አንድ ሰው ጀምሮት እጁን የመለሰ።
ባልየው ነው፣ ስቴፋን፤ ካረፈ ዓመት አለፈው፤
አንዱ ቋሚ ላይ ነው በእርሳስ የጻፈው
ሒሳቡን።

ሰማንያ ሦስት፣ በፈረንጅ። የወር ኪራይ፦
ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት፣ በአሥራ ሁለት ተባዝቶ።
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ ከሥሩ አምስት መቶ ሰባ፤
ድምሩ፦ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃያ።
ጣውላው፣ ቧንቧው፣ ሽቦው፦ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ።
አያዋጣም።
ሁለት ጊዜ ጭሮ በመስመር ዘግቶታል።

እኔ የዳቦ ፋብሪካ ደመወዝ ሠሪ ነኝ፤
ዓይኔ ቁጥር ካየ ሳልፈልግ ይደምራል።
ዜሮ። አምስትና ሰባት፣ አሥራ ሁለት፤ ሁለት ጻፍ፣ አንድ ያዝ።
ስምንትና አምስት፣ የተያዘው አንድ፣ አሥራ አራት፤
አራት ጻፍ፣ አንድ ያዝ።

አልያዘም።

አንዲቷን ረሳ፤ ሺህ ዶላር ከጣቱ ሾልኮ ወደቀ፣
አርባ ዓመት ክፍሉ እርቃኑን ማቀቀ።
ያዋጣ ነበር እኮ።

ሚስቲቱ ከላይ ናት፣ ኩሽና ተቀምጣ፣
ስኒ የምትጠቀልል በአሮጌ ጋዜጣ።
ልንገራት? ምን ልበል?
«ባልሽ ተሳስቶ ነው»? ምን ትርፍ ሊያመጣ።

ከሚስማሩ በክር እርሳሱ ተንጠልጥሏል፤
ጫፉን በምላሴ ነካ አደረግኩት፤ አሁንም ይጽፋል።
ከሁለቷ ራስ ላይ፣ ባዶ በቀረችው፣
ትንሽ አንድ ጻፍኩለት።

ስወጣ መርዕድ አራተኛ ግድግዳ ላይ ደርሷል።
«እንገዛዋለን» አልኩ።
ጉርፕሪት እጁን ሲዘረጋ፦
«ግን አሸንዳው ወድቋል፤ ስለሱ አምስት ሺህ ይቀነስ።»